አልጋ መያዝና ቤት መከራየት፦ በይርጋጨፌ የአጭር ጊዜ እንግዳ ተቀባዮችና የገቢ ግብር

በአማርኛ ለሦስት ሌሊት ያደረ መንገደኛ «አልጋ ያዘ» ይባላል እንጂ «ቤት ተከራየ» አይባልም። ቤት የሚከራየው ጓዙን ጭኖ የሚገባ፣ ወር ሲሞላ የሚከፍልና ጎረቤት የሚሆን ሰው ነው። አልጋ የሚይዘው ግን ሻንጣውን ጥግ አስደግፎ አድሮ የሚሄድ ነው። ተራው ተናጋሪ ያለ አስተማሪ የሚለየውን ይህን ልዩነት የኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ በግልጽ አልለየውም። ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ሆኖም በትርፍ ክፍሏ እንግዳ የምታሳድር የአንዲት እናት ዓመታዊ ግብር ሰባት እጥፍ ሊያድግ ወይም ሊያንስ የሚችለው በዚሁ ልዩነት ነው።

ይርጋጨፌ ጥያቄው ሥጋ ለብሶ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከዲላ በስተደቡብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ ስሟ ከራሷ ይልቅ በሩቅ አገር የታወቀ ነው። በጥቅምት ቀዩ የቡና ፍሬ መለቀም ሲጀምርና የእጥበት ጣቢያዎች ሥራቸውን ሲከፍቱ ላኪዎች፣ ቀማሾች፣ የጥራት ባለሙያዎችና ከውጭ የሚመጡ ገዢዎች በአካባቢው ይመላለሳሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቱቲ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች፣ እንሰትና ቡና ከአገር በቀል ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበትን የእርሻ ሥርዓት ለማየት የሚመጣ ሌላ ዓይነት እንግዳ ይጠበቃል። በዲላ የዩኒቨርሲቲው ምረቃ ሲደርስ ከየአቅጣጫው ቤተሰብ ይሰበሰባል። እንዲህ ባሉት ሳምንታት ልጆቹ አግብተው የወጡበት ክፍል ወይም ከጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት በሌሊት ሒሳብ ቢከራይ የሚያስገርም አይደለም። ገቢው ግን ወቅታዊ ነው፤ በክረምት ያው ክፍል ባዶውን ይከርማል።

እንዲህ ያለው ገቢ ግብር ሊከፈልበት ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ሊሆን አይገባም። ይገባል። አከራካሪው የት ተመድቦ ይከፈልበት የሚለው ነው። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፍላል፤ ክልሎችም የዚህኑ አዋጅ መዋቅር ተከትለው የየራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ። በዚህ መዋቅር ለእንግዳ ተቀባዩ ሦስት በሮች ተከፍተው ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ከቤት ኪራይ የሚገኝ ገቢ የሚመደብበት ሠንጠረዥ «ለ» ነው። የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ለጥገና፣ ለእድሳትና ለእርጅና ተብሎ የጠቅላላ ኪራዩ 50 በመቶ ይቀነስለትና በቀሪው ላይ በእርከን ያድጋል። ቀድሞ በነበረው አዋጅ ቁጥር 286/1994 ተቀናሹ ከአምስት አንድ እጅ ብቻ ስለነበር ይህ በጎ ለውጥ ነበር። ሁለተኛው በር ሠንጠረዥ «ሐ»፣ ማለትም የንግድ ሥራ ገቢ ነው። ሦስተኛው በሠንጠረዥ «መ» ውስጥ ያለው «ንብረትን አልፎ አልፎ በማከራየት የሚገኝ ገቢ» ሲሆን፣ ወጪ ሳይቀነስለት በዓመቱ ጠቅላላ ኪራይ ላይ 15 በመቶ ያስከፍላል።

በሦስቱ በሮች መካከል ያለውን ርቀት አንድ የታሰበ ምሳሌ ያሳየዋል። አንድ ቤተሰብ ሁለት ክፍል አለው እንበል፤ ክፍሎቹ በዓመት በድምሩ ለ120 ሌሊት፣ በሌሊት በ500 ብር ተይዘው 60,000 ብር ተገኘ። በ2008ቱ አዋጅ የመጀመሪያ እርከኖች መሠረት በሠንጠረዥ «ለ» ግማሹ ተቀንሶ በ30,000 ብር ላይ የሚሰላው ግብር 2,790 ብር ነው። በሠንጠረዥ «መ» ከተመደበ 9,000 ብር ይሆናል። በሠንጠረዥ «ሐ» ተመድቦ ቤተሰቡ የአንሶላ፣ የእጥበት፣ የውኃ፣ የመብራትና የቁርስ ወጪውን በመዝገብ ይዞ 40,000 ብር ማስረዳት ከቻለ ግን ግብር የሚከፈልበት ትርፍ 20,000 ብር ብቻ ስለሆነ ዕዳው ወደ 1,290 ብር ይወርዳል። አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ እንግዳ፤ ሦስት የተለያየ ዕዳ። በ2017 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 እርከኖቹን አሻሽሏል፤ የግብር ከፋይ ደረጃዎችንም ከሦስት ወደ ሁለት አውርዷል። በመሆኑም ከላይ ያሉት አኃዞች የልዩነቱን ስፋት ለማሳየት እንጂ የዛሬን ዕዳ ለማስላት የቀረቡ አይደሉም። የሠንጠረዦቹ ክፍፍል ግን እንዳለ ስለቀጠለ እንግዳው የሚያድርበት ክፍል ከየትኛው ይመደብ የሚለው ጥያቄ አብሮ ቀጥሏል።

አዋጁ ለጥያቄው ፍንጭ አይሰጥም ማለት አይደለም። «የንግድ ሥራ» የሚለውን ሲተረጉም በቋሚነትም ሆነ ለአጭር ጊዜ ለትርፍ የሚካሄድን ሥራ ሁሉ ካካተተ በኋላ ቤት ማከራየትን ለይቶ ያስወጣል። ስለዚህ ነገሩ ወቅታዊ መሆኑ ብቻውን ከንግድነት አያወጣውም፤ «ቤት ማከራየት» መሆኑ ግን ያወጣዋል። ታዲያ በየቀኑ አንሶላ እየቀየሩ፣ ቡና እያፈሉ፣ ማታ በር እየከፈቱ እንግዳ ማሳደር ቤት ማከራየት ነው? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢጠየቅ መልሱ አይደለም የሚል ይመስላል። ሕጉ የቤት ኪራይን ስለማይንቀሳቀሱ ንብረቶች ከሚደረጉ ውሎች ጋር ሲያስቀምጥ፣ መንገደኛን የማሳደር ውልን ግን አገልግሎት ስለ መስጠት ከሚደረጉ ውሎች ጋር መድቦታል። በአንደኛው የሚሸጠው ሥፍራ ነው፤ በሁለተኛው የሚሸጠው መስተንግዶ ነው። ከስድሳ ዓመት በላይ የኖረውን ይህን ልዩነት የግብር ሕጉ አላስገባውም፤ የተራው ሰው አነጋገር ግን እስከ ዛሬ ጠብቆታል።

ይሁን እንጂ የፍትሐ ብሔር ሕጉን መልስ እንዳለ ወደ ግብር አምጥቶ አልጋ የሚያሳድር ሁሉ ነጋዴ ነው ማለትም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሕጉ በዓይነ ኅሊናው የያዘው እንግዳ ማሳደርን ሙያው ያደረገን ሰው ነው። በራሱ ቤት እየኖረ በቡና ወራት አንድ ክፍል የሚለቅ ቤተሰብ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ሆቴል ለማለት ያንሳል፤ አከራይ ለማለትም ይበዛል። «አልፎ አልፎ» የሚለው የሠንጠረዥ «መ» ሐረግ ለእርሱ የተጻፈ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከሦስቱ በሮች ወጪን ፈጽሞ የማይቀበለው ይኸው ነው። ለእንግዳ ማሳደር ደግሞ ወጪው ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ተከራይቶ ለሚመለስ ድንኳን ወይም ጄኔሬተር የሚስማማ ሥሌት በየሌሊቱ ለሚታጠብ አንሶላ አይስማማም።

ሕጉ ዝም ባለበት የሚናገረው መዳቢው ሹም ነው። በሠንጠረዥ «ሐ» የተመደበ መዝገብ የሌለው ሰው ዕዳው የሚወሰነው በግምት ነው፤ የግምት ታሪክ ደግሞ በዚህ አገር ቅርብ ነው። በ2009 ክረምት ለደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የተደረገው የቀን ገቢ ግምት በብዙ ከተሞች ምን ያህል ቁጣ እንዳስነሳና ሱቅ እንዳዘጋ የሚታወስ ነው። የዚያን ጊዜው ቅሬታ በአብዛኛው በግብር መክፈል ላይ አልነበረም፤ ጥሩ የገበያ ቀን የዓመቱ ሁሉ ቀን ተደርጎ ተቆጠረ የሚል ነበር። በወቅት የሚሠራ የእንግዳ ክፍል ለዚህ ስሕተት ከሱቅ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ገማቹ በኅዳር ቢመጣ ሁለቱም ክፍሎች ተይዘው ያገኛቸዋል፤ በሐምሌ ቢመጣ ደግሞ የተጠቀለለ ፍራሽ ብቻ ያያል። የትኛውን ቀን በ365 ያባዛ?

ሌላም ጉድለት አለ፤ በመጠኑም ይልቃል። ግምት የሚደርሰው ዓይን የሚያየው ላይ ነው። በሠፈሯ የምትታወቀው እናት ትታያለች። ቤቱን በአየር ቢ-ኤንድ-ቢ ወይም በቡኪንግ ያስመዘገበ፣ ክፍያውን በውጭ አገር ባንክ የሚቀበል፣ ቁልፉን በዘመዱ እጅ የተወ ባለቤት ግን አይታይም። ይህ ሁኔታ ዛሬ ይበልጥ የአዲስ አበባና የሐዋሳ ጉዳይ ነው፤ ይሁንና ዓለም በስሙ ቡና የሚጠጣላት ከተማ ከዚህ ውጭ ሆና ትኖራለች ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ቤቱ ኢትዮጵያ ውስጥ እስካለ ድረስ ባለቤቱ የትም ይኑር፣ ገንዘቡ የትም ይከፈል፣ ገቢው የኢትዮጵያ ምንጭ ያለው ገቢ ነው። ሕጉ በዚህ ላይ ክፍተት የለበትም፤ ክፍተቱ በመረጃ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉ የዲጂታል ገበያዎች የአከራዮችን ገቢ ለግብር ባለሥልጣናት እንዲያሳውቁ አስገድዷል። ኢትዮጵያ ተመሳሳይ መረጃ በስምምነት እስክታገኝ ድረስ ግብሩ ከትልቁ አምልጦ ከትንሹ የሚለቀም ይሆናል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ልዩነቱ ሰፍቷል። ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ያለፈው ዶላር የማይታየውን ባለቤት ገቢ በብር ሲያበዛለት፣ በብር የምታስከፍለው እናት ግን የሳሙናና የአንሶላ ዋጋ ንረትን ብቻ ተካፍላለች።

የሆቴል ባለቤቶች በዚህ ክርክር ላይ የሚያነሡት ቅሬታ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ፈቃድ ያወጣሉ፣ የጤና ቁጥጥር ያስተናግዳሉ፣ ሠራተኛ ቀጥረው የደመወዝ ግብር ይቀንሳሉ፣ በአልጋው ዋጋ ላይ የሽያጭ ታክስ ይሰበስባሉ። ለመኖሪያ የሚከራይ ቤት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ሆኖ ሲቆይ የሆቴል አልጋ ነፃ አልሆነም። አንድ ሰው ስምንት ክፍል ያለው ቤት ሠርቶ፣ ራሱ ሳይኖርበት፣ በሌሊት ሒሳብ እያስከፈለ «እኔ ቤት አከራይ ነኝ» ቢል ሆቴሉ የሚከፍለውን ሁሉ በአንድ ቃል ይዘለዋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ በኋላ ፈተናው በርትቷል። አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ሲያዝ፣ አዋጁ በሚተገበርባቸው ከተሞች የቋሚ አከራይን ገቢ ለግብር ሰብሳቢው ግልጽ አድርጎታል። የሦስት ሌሊት እንግዳ ግን በተፈጥሮው በዚህ መዋቅር ውስጥ አይገባም። ከቁጥጥር መሸሽ የፈለገ ባለቤት ቋሚ ተከራዩን አስወጥቶ በሌሊት ወደ ማከራየት ቢዞር፣ ዋጋውን የሚከፍለው ቤት ፈልጎ የሚንከራተተው መምህር ወይም ተማሪ ነው።

መፍትሔው በአዲስ አበባ እስኪጻፍ መጠበቅ ግድ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ ያሉ የግል ቤቶች ኪራይ ግብርም፣ የግለሰብ ነጋዴዎች የንግድ ሥራ ግብርም የክልሉ ነው። በሌላ አነጋገር በይርጋጨፌ ያለው አልጋ በሠንጠረዥ «ለ»ም ይመደብ በ«ሐ» ገንዘቡ የሚገባው ወደ አንድ ካዝና ነው። በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ዲላን ከማዕከል ከተሞቹ አንዷ ያደረገው ይህ ክልል፣ መስመሩን በራሱ መመሪያ ቢያሰምር የሚጋፋው የፌዴራል ጥቅም የለም።

መስመሩ ሊያርፍበት የሚገባው ቦታ የባለቤቱ መኖሪያ ነው። ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት ወይም ግቢ ውስጥ እስከ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ክፍል በሌሊት የሚያከራይ ቤተሰብ በሠንጠረዥ «ለ» ቢመደብ ግማሹ ገቢ ለወጪ ስለሚታሰብለት ደረሰኝ ማጠራቀም ሳያስፈልገው ከእውነት የማይርቅ ግብር ይከፍላል። ባለቤቱ የማይኖርበት ቤት ሙሉውን በሌሊት ሒሳብ ሲከራይ፣ ወይም የክፍሎቹ ቁጥር ከዚያ ሲያልፍ፣ ነገሩ አልቤርጎ ነውና ስሙ ምንም ቢባል በሠንጠረዥ «ሐ» ከነግዴታዎቹ ይመደብ። የሠንጠረዥ «መ» በር ደግሞ በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ ለምሳሌ በምረቃ ሰሞን፣ ቤቱን ለሚለቅ ሰው ይቅር። እንዲያውም ለዚህኛው ግብሩን ከነአካቴው መተው ይሻላል፤ 15 በመቶውን ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪ ከሚሰበሰበው ሊበልጥ ይችላልና። በአሜሪካ መኖሪያ ቤቱን በዓመት ከ15 ቀን ላነሰ ጊዜ ያከራየ ሰው ገቢውን ለፌዴራል ግብር አያስመዘግብም። በብሪታንያም በሚኖርበት ቤት ክፍል የሚያከራይ ሰው በዓመት እስከ 7,500 ፓውንድ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ሁለቱ አገሮች ከኢትዮጵያ በሀብት ይራራቃሉ፤ ነገር ግን የመረጡት መለኪያ ለድሃ አገር አስተዳደር ይበልጥ የሚመች ነው። ባለቤቱ በቤቱ መኖር አለመኖሩን ቀበሌው ያውቀዋል። የቀን ገቢውን ግን ማንም አያውቀውም።

በክፍል ብዛት መለካት የራሱ ደካማ ጎን አለው። ሦስት ክፍል ያለው ሰው አራተኛውን በወንድሙ ስም ያስመዘግብ ይሆናል። በአንድ ግቢ ያሉ ክፍሎችን እንደ አንድ መቁጠር ችግሩን በከፊል ይፈታዋል፤ በከፊል ግን ይቀራል፤ ከግምት ጋር ሲነጻጸር ግን ይህ የሚቻል ጉድለት ነው።

ለጌዴኦ ይህ መስመር ከገንዘብም በላይ ትርጉም ይኖረዋል። ዞኑ በገጠር የሕዝብ ጥግግቱ በአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው፤ በቅርስነት የተመዘገበውም ከኑሮ ተለይቶ የታጠረ ሐውልት ሳይሆን ቤተሰቦች የሚኖሩበትና የሚያርሱት መሬት ነው። የእንግዳ ገቢ እያደገ ሲሄድ ከቤቱ ጀርባ ያለው የእንሰትና የቡና ቦታ ለተጨማሪ ክፍሎች መሠረት ሊጠረግ ይችላል፤ ያኔ እንግዳው ሊያይ የመጣው ነገር እንግዳውን ለማሳደር ሲባል ይነሣል ማለት ነው። የቤት ውስጥ ክፍልን በቀላል፣ ለብቻው የተሠራ ማረፊያን በንግድ ሥራ ግብር የሚያስተናግድ ሥርዓት ይህን ግፊት በራሱ አያቆመውም። ቢያንስ ግን አይደጉመውም። አሁን ባለው ብዥታ ባለ ስምንት ክፍሉ ግንባታ የኪራይን 50 በመቶ ተቀናሽ ሊጠይቅ ይችላል፤ ባለ አንድ ክፍሏ እናት ደግሞ ነጋዴ ተብላ ልትገመት ትችላለች።

በይርጋጨፌ ግን ጉዳዩን ከሁሉ ቀድሞ የሚያስነሣው ግብር ሰብሳቢው ላይሆን ይችላል። የቡና ላኪው ድርጅት የእንግዶቹን ማደሪያ ወጪ በሒሳቡ ለማስያዝ ደረሰኝ ያስፈልገዋል። አልጋው አገልግሎት ነው ከተባለ በ2008ቱ አዋጅ ድርጅቱ ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ ክፍያ 2 በመቶ ቀንሶ ማስቀረት ነበረበት፤ ተከፋዩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከሌለው ግን የሚቀነሰው 30 በመቶ ነበር። ሁለት ቀማሾችን ለአራት ሌሊት ያሳደረች፣ ቁጥር የሌላት እናት ከ4,000 ብሯ 1,200 ብር ይቀርባት ነበር፤ ቁጥር ቢኖራት የሚቀነስባት 80 ብር ብቻ ነበር። ቁጥር ልታወጣ ብትሄድ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ የሥራው ዘርፍ ምንድን ነው የሚል ነው፤ በቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆነውን መልስ እስካሁን የጻፈላት መመሪያ የለም። ድርጅቱም የሚቀጥለውን ቡድን ወደ ሆቴል ይወስዳል።